የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ከስካር ለሚመለስ ሰው ስለሚያስፈልገው ደጋፊ



ቤትን ከሚያፈርሱት ነገሮች መካከል ድህነት አለ፥ ጠብ አለ፥ ሕመምም አለ። ስካር ግን ሦስቱን አስተባብሮ ወደ ቤት የሚያስገባ ስለ ሆነ ከሁሉ ይከፋል። በፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው የአቤቱታ ወረቀት ሲያገላብጥ ይህን በየጊዜው ይመለከታል። ክርክሩ ሲጀመር የውርስ ወይም የብድር ወይም የጋብቻ ይመስላል፤ ምስክር እየተሰማ መዝገቡ እየወፈረ በሄደ ቍጥር ግን ከነገሩ ሥር ብርሌ ወይም ጠርሙስ ቆሞ ይገኛል።

ስለ ስካር ጉዳት ብዙ መናገር የታወቀውን መድገም ይሆናል። ጠጪውም ቢሆን ጉዳቱን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የዛሬው ነገራችን ሌላ ነው፤ ይኸውም መጠጥ ያሸነፈው ሰው «ልተው» ብሎ በተነሣ ጊዜ ከአጠገቡ የሚቆመው ማን ነው? የሚል ነው። አንዳንዱ ሚስቱ ናት ይላል፤ አንዳንዱ የንስሓ አባቱ ናቸው ይላል፤ አንዳንዱም ሐኪሙ ነው ይላል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጉታል። ነገር ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ እንደሚያስፈልገው፥ ያም ሰው ራሱ በዚያው ጕድጓድ ወድቆ የወጣ መሆን እንደሚገባው ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገር በተደረገ ሥራ ተገልጦአል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሰው በእንግሊዝኛ «ስፖንሰር» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍችው ስለ ሌላው ቃል የሚሰጥ፥ የሚዋስ ማለት ነው። በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያንም ሕፃን ሲጠመቅ የሚያነሣው የክርስትና አባት በዚሁ ቃል ይጠራል። በአገራችን ግን ዛሬ ይህ ቃል የሚታወቀው ለበዓል ወይም ለጨዋታ ገንዘብ ስለሚሰጥ ነጋዴ፥ ወይም ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄደውን ሰው ስለሚያስገባ አሠሪ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባል ነገር ከቶ ስለሌለበት፥ እንዳያደናግር እኛ «ደጋፊ» እንለዋለን።

የነገሩ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት ነው። በ1934 ዓ.ም. በጋ በቬርሞንት ግዛት በቤኒንግተን ከተማ ኤቢ ታቸር የሚባል ሰው በስካሩ ምክንያት ከዳኛ ፊት ቀረበ። ይህ ሰው የታወቀ ቤተ ሰብ ልጅ ነበረ፤ ወንድሙም በዚያን ጊዜ የኦልባኒ ከተማ ከንቲባ ነበረ። ዳኛው ሊያስዘጋበት በተዘጋጀ ጊዜ ሮላንድ ሀዛርድ የሚባል፥ ቀድሞ ራሱ በመጠጥ ብዙ የተሠቃየ ሰው ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ «ለእኔ ይሰጠኝ» ብሎ ለመነ። ዳኛውም ፈቅዶ አስረከበው። የዋስ ወረቀት መጻፍ ለጸሐፊ የዘወትር ሥራው ነው፤ ዋሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚዋሰው ስለ ገንዘብ ወይም ቀጠሮ አክብሮ ስለ መቅረብ ነው። ሀዛርድ የተዋሰው ያንኑ ሕመም በገዛ ሥጋው ስላወቀው ነበረ።

ታቸር መጠጡን ከተወ በኋላ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የልጅነት ወዳጁን ቢል ዊልሰንን ጠየቀው። ዊልሰን በአክሲዮን ንግድ የሚተዳደር ብልህ ሰው ሲሆን በስካር ምክንያት ሥራውንና ክብሩን አጥቶ በሚስቱ ደመወዝ ይኖር ነበረ። ወዳጁ በመጣ ጊዜ የመጠጥ ጓደኛ ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት መጠጥ ቀረበ፤ እንግዳው ግን አልጠጣም አለ። ቀጥሎም ሳይሰብክና ሳይገሥጽ የደረሰበትን ሁሉ አጫወተው። ዊልሰን በዲሴምበር ወር ወደ ሐኪም ቤት ገባ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በ1971 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም።

ዊልሰን ከሐኪም ቤት እንደ ወጣ ያገኘውን ሰካራም ሁሉ ለማዳን ተነሣ። ያገኛቸውን ወደ ቤቱ አመጣ፥ አበላ፥ ሰበከ። በስድስት ወር ያህል ጊዜ አንድ ሰው እንኳ አልዳነለትም። ተስፋ ቈርጦ ሲናገር ባለቤቱ ሎይስ፦ ሌሎቹ ባይተዉም አንተ ግን እስከ ዛሬ አልጠጣህም አለችው። የታከመበት ሐኪም ዶክተር ሲልክዎርዝም ስብከቱን አቁሞ መጀመሪያ ስለ ሕመሙ እንዲናገር መከረው። ከእነዚህ ከሁለቱ ቃሎች የደጋፊ ሥራ ሁሉ ተወለደ። ከሚስቱ የተማረው ሌላውን ለማንሣት የሚደክም ሰው ራሱ እንደሚጸና ነው፤ ከሐኪሙ የተማረው የወደቀው ሰው ከትምህርት አስቀድሞ ሕመሙን የሚያውቅለት ሰው እንደሚፈልግ ነው።

በ1935 ዓ.ም. በሜይ ወር ዊልሰን ለአንድ የንግድ ጉዳይ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ጉዳዩ ከሸፈበትና በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ይመላለስ ጀመረ። ከአንድ ወገን ከመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ሣቅና ጨዋታ ይሰማዋል፤ ከሌላው ወገን የአብያተ ክርስቲያናት ስም የተጻፈበት ሰሌዳና ስልክ ይታየዋል። በዚያች ሰዓት ለመዳን የሚያስፈልገው ሌላ መካሪ ሳይሆን እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ መሆኑን ዐወቀ። ስለዚህ ለአንድ ቄስ ስልክ ደወለ፤ ከስም ወደ ስም እየተመራም ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ከሚባሉ ወይዘሮ ጋራ ተገናኘ። እኒህም ወይዘሮ ሊድን ስላልቻለ አንድ ሐኪም ብዙ ጊዜ ሲያዝኑ የነበሩ ናቸው።

ሐኪሙ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ይባላል፤ በቀዶ ጥገና የሠለጠነ የ55 ዓመት ሰው ነበረ። ስለ መጠጥ ከሐኪምም ከቄስም ያልሰማው፥ ከመጽሐፍም ያላነበበው ነገር አልነበረም። በሜይ 12 ቀን ባለቤቱ እየገፋፋች ወደ ወይዘሮዋ ቤት ስትወስደው ከ15 ደቂቃ በላይ አልቀመጥም ብሎ ነበረ። ከቀኑ በ11 ሰዓት ገብቶ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ አልተነሣም። ዊልሰን ስለ ስሚዝ ስካር አንድ ቃል አልጠየቀውም፤ የራሱን ውድቀት ብቻ ተረከለት፤ የመጣሁትም አንተን ላድን ሳይሆን ራሴን ላድን ነው ብሎ ገለጠለት። ስሚዝ በኋላ እንደ መሰከረው፥ ስለ ስካር በገዛ ኑሮው አውቆ ያነጋገረው የመጀመሪያው ሰው ይህ ነበረ።

ነገር ግን ስሚዝ በዚያች ሌሊት ፈጽሞ አልዳነም። ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ክፉኛ ሰክሮ ተመለሰ። ዊልሰን በዚያን ጊዜ ከስሚዝ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነበረና ጥሎት አልሄደም፤ ከባለቤቱ ጋራ ሆኖ አስታመመው። በሦስተኛው ቀን ስሚዝ ሕመምተኛ ሊቀድድ ቀጠሮ ነበረው፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ዊልሰን እጁን እንዲያጸናለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጠው። ሥራው ካለቀ በኋላ ስሚዝ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ቤተ ሰቡ ሁሉ ፈራ። ማታ ሲመለስ ግን የት እንደ ዋለ ታወቀ፤ ያስቀየማቸውንና ዕዳ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ሲያነጋግር ውሎአል። ያ ቀን በማኅበሩ ታሪክ ጁን 10 ቀን 1935 ዓ.ም. ተብሎ ይቈጠራል። ስሚዝ ከዚያ በኋላ በ1950 ዓ.ም. እስኪሞት አልጠጣም። «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ»፥ ማለት ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕሙማን ማኅበር፥ የልደቱን ቀን ከዚህ ይቈጥራል።

«ደጋፊ» የሚለው ስም የወጣው ጥቂት ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤቶች ሰካራምን ለመቀበል አይወዱም ነበረ፤ ይረብሻል፥ ሒሳቡንም አይከፍልም ይሉ ነበረ። በአክሮን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የሕሙማን መግቢያ መዝገብ የያዙት እኅት ኢግናሺያ የሚባሉ መነኵሲት ነበሩ። በ1939 ዓ.ም. እኒህ መነኵሲት ከዶክተር ስሚዝ ጋራ ተማክረው የመጀመሪያውን ሰካራም ሕመምተኛ «የጨጓራ ሕመም» ብለው መዝግበው አስገቡት። እንደዚህ ያለውን ሕመምተኛ ለማስገባት ግን ቀድሞ መጠጥ የተወ አንድ ሰው ኀላፊ እንዲሆንለት ያስፈልግ ነበረ። ያም ሰው ሕመምተኛውን ይዞት ይመጣል፤ በተኛበት እየተመላለሰ ይጠይቀዋል፤ በሚወጣበትም ቀን ተቀብሎ ወደ ቤቱ፥ ከዚያም ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ይወስደዋል። እንግዲህ ደጋፊ መጀመሪያ በእውነት ከሐኪም ቤት ደጅ የቆመ ዋስ ነበረ። እኅት ኢግናሺያ ሕመምተኛው ሲሰናበት አንዲት ትንሽ የሃይማኖት ምልክት ይሰጡት ነበረ፤ ተመልሶ ለመጠጣት ያሰበ እንደ ሆነ ከመጠጣቱ አስቀድሞ መጥቶ እንዲመልስላቸው ቃል ያስገቡት ነበረ።

አሁን ደጋፊ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ለይተን እንናገር። ነገሩ በእኛ አገር ከምናውቃቸው ከብዙ ሥራዎች ጋራ ይመሳሰላልና ሳይለዩ መያዝ ስሕተት ያመጣል።

ደጋፊ እንደ ዕቁብ ዋስ አይደለም። የዕቁብ ዋስ ባለ ዕዳው ቢጠፋ ከኪሱ ይከፍላል። ደጋፊ ግን የሌላውን ዕዳ አይከፍልም፤ ገንዘብ አያበድርም፤ ሥራ ቢያጣ ከሹም ዘንድ አማላጅ አይሆንለትም። ወዳጁ ተመልሶ ቢጠጣም የሚጠየቅበት ነገር የለም። እንደ ንስሓ አባትም አይደለም። የወዳጁን ምስጢር ይሰማል እንጂ የመፍታት ሥልጣን የለውም፤ ቀኖናም አይሰጥም። እንደ ሐኪምም አይደለም። መድኃኒት አያዝም፤ ሐኪም ያዘዘውንም ተው የማለት መብት የለውም። ጌታም አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሾመው ባለ ሥልጣን፥ የሚቈረጥለት ደመወዝ፥ የሚጻፍለት ወረቀት የለም። አዲሱ ሰው በስብሰባ ላይ ንግግሩን ሰምቶ ኑሮውን አይቶ ደስ ያለውን ሰው «ደጋፊ ሁነኝ» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ያልተስማማው እንደ ሆነም ያለ ጠብ ሌላ ይመርጣል። ልማዱ ወንድ ለወንድ፥ ሴት ለሴት እንዲሆን ነው፤ የተጎዳ ልብ ምስጋናን ከፍቅር ለመለየት ይቸግረዋልና።

እንግዲያውስ ሥራው ምንድር ነው ቢባል ሦስት ነው። የመጀመሪያው በክፉ ሰዓት መገኘት ነው። መጠጥ የለመደ ሰው አምሮቱ የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቢታገሡት ያልፋል፤ ብቻውን ለሆነ ሰው ግን የማያልፍ ይመስለዋል። ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን ለደጋፊው ስልክ እንዲደውል ይነገረዋል፤ ከጠጣ በኋላ ሳይሆን ሳይጠጣ በፊት። ደጋፊውም ለዘላለም አትጠጣ አይለውም፤ የዛሬን ብቻ እንዲያልፍ ይረዳዋል። ነገ ሲሆን ነገም ዛሬ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ማሳየት ነው። ማኅበሩ በ1939 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ 12 ደረጃዎች ተጽፈዋል። መጀመሪያው መጠጥ እንዳሸነፈው ማመን ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ እንደ ገባው ከራሱ በሚበልጥ ኀይል መታመን፥ ከዚያም በደሉንና ጠባዩን መርምሮ በወረቀት መጻፍ፥ የጻፈውን ለሌላ ሰው ገልጦ መናገር፥ ለበደላቸው ሰዎች መካስ፥ በመጨረሻም ያገኘውን ለሌላ ሕመምተኛ ማድረስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የተጻፈውን አንብቦ ለሌላ ሰው መናገር ነው። ሰው ነውሩን ንጹሕ ነው ከሚለው ሰው ፊት ሲናገር ይሸፋፍናል፤ ያንኑ ነውር ከሠራ ሰው ፊት ግን የሚሸፍንበት ምክንያት ያጣል። ምናልባትም በጣም አሳፋሪ ነው ያለውን ነገር ሲናገር ደጋፊው፦ እኔም አድርጌዋለሁ ይለዋል። በዚያች ሰዓት ከመጠጡ እኩል ሲገድለው የነበረው ብቸኝነት ይሰበራል።

ሦስተኛው እውነት መናገር ነው። ይህ ነገር በማዕርግና በሥልጣን ላሉ ሰዎች ይልቁን ያስፈልጋል። ድኻ ሲሰክር መንደሩ ሁሉ ይነግረዋል፤ ትልቅ ሰው ሲሰክር ግን የሚነግረው የለም። አሽከሩ ይቀዳል፤ ጸሐፊው ጌታዬ አሞአቸዋል ብሎ ቀጠሮ ያስተላልፋል፤ ወዳጁ ጥቅሙን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ሚስቱ ስለ ቤቱ ክብር ትሸፍናለች። ሁሉ «እርስዎ» እያለ በአክብሮት ወደ መቃብር ይሸኘዋል። ደጋፊ ግን ከእርሱ የሚፈልገው ሹመትም ሽልማትም የለምና «አንተ» ብሎ ሊናገረው ይችላል። በዚያ ማኅበር ሰው በመጠሪያ ስሙ ብቻ ይታወቃል፤ የሚጠየቀውም ግዴታ መጠጥ የመተው ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተወው ዘበኛ ዛሬ ለሚጀምረው ዳኛ ደጋፊ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ይህን ውርደት ይለዋል፤ ነገር ግን ከአሽከሩ ትከሻ ላይ ተደግፎ ወደ ቤቱ ከገባ ሰው ይልቅ ከዘበኛ አፍ እውነት የሰማ ሰው የተከበረ ነው።

ይህ ሁሉ የደግነት ወሬ ብቻ ነውን? የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2020 ዓ.ም. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት 27 ጥናቶችን፥ 10,565 ሰዎችን የሚመለከቱ፥ አንድ ላይ መርምሮ አሳትሞአል። የተገኘውም የዚህን ማኅበር መንገድ ተከትለው የታከሙ ሰዎች መጠጥን ፈጽሞ ትቶ በመቆየት በኩል ሌላ የታወቀ ሕክምና ካገኙት የተሻሉ መሆናቸው ነው። በሌላው ነገር፥ ለምሳሌ የሚጠጡትን መጠን በመቀነስ በኩል፥ ከሌላው ሕክምና ጋራ ተቀራራቢ ሆኖአል። እንደዚሁም በ2004 ዓ.ም. በታተመ የአሜሪካ ሊቃውንት ጥናት ሌሎችን ሕሙማን የሚረዱት ሰዎች ከማይረዱት ይልቅ ተመልሰው የመጠጣታቸው ነገር ያነሰ መሆኑ ታይቶአል። ሎይስ በ1935 ዓ.ም. ለባልዋ የነገረችው ቃል ይኸው ነበረ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ደጋፊ ያለውም ሁሉ አይድንም። ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያስተምረን የዚያው የኤቢ ታቸር ኑሮ ነው። ለዊልሰን የመዳንን ወሬ ያመጣው ይህ ሰው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ራሱ ወደ መጠጥ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ይተዋል፥ ይጀምራል፥ ደግሞም ይተዋል። የዳነለት ሰው ስሙ በዓለም ሲጠራ አዳኙ በየሐኪም ቤቱ ይተኛ ነበረ። ዊልሰን ግን አልናቀውም፤ በገንዘብም በመጠጊያም ረዳው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ «ደጋፊዬ» ብሎ ይጠራው ነበረ። ታቸር የመጨረሻዎቹን ዓመታት በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ የሕሙማን ማረፊያ እርሻ ሳይጠጣ አሳልፎ በ1966 ዓ.ም. ሞተ። ከዚህ የምንማረው ደጋፊ ፍጹም ሰው አለመሆኑን ነው። የያዘው ቃል እውነት ከሆነ እርሱ ቢወድቅ እንኳ ቃሉ ሌላውን ያነሣል፤ የተነሣውም ተራውን የወደቀውን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መጠጥ የያዘው ሰው በቤቱ ያለ ቤተ ሰብ የሚከተሉትን ነገሮች ቢያስብ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፤ ሐኪም ይቅደም። ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም ይጥለዋል፥ ይቃዣል፥ የሌለ ነገር ያያል። ይህ የመተዉ ብርታት ምልክት ሳይሆን ሊገድል የሚችል ሕመም ነው። ስለዚህ በቤት ቈልፎ ማስተው አይገባም። ከዚያም በኋላ አምሮቱን የሚቀንሱ፥ እንደ ናልትሬክሶንና እንደ አካምፕሮሴት ያሉ መድኃኒቶች ስለ አሉ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ደጋፊና ሐኪም አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስዱም።

ሁለተኛ፤ ሚስት ለባልዋ፥ ልጅም ለአባቱ ደጋፊ ልሁን አይበሉ። ፍቅር ስለ አነሣቸው አይደለም፤ ቍስሉ የእነርሱም ስለ ሆነ ነው። የተበደለ ሰው በደሉን እየቈጠረ፥ የበደለውም እያፈረ፥ እውነት በመካከላቸው ሊነገር አይችልም። ጠርሙስ ሲፈልጉ መዋልና ኪስ ሲፈትሹ ማምሸትም ዘበኝነት እንጂ ድጋፍ አይደለም። ሎይስ ዊልሰን ይህን በገዛ ቤቷ ካየች በኋላ በ1951 ዓ.ም. ከጓደኛዋ ጋራ ለጠጪዎች ቤተ ሰብ «አል-አኖን» የሚባል ሌላ ማኅበር አቆመች። በዚያም የጠጪ ሚስት እንደ እርስዋ ያለችውን ሴት ደጋፊ አድርጋ ትይዛለች። የታመመው አንድ ሰው ቢሆንም መዳን የሚያስፈልገው ለቤቱ ሁሉ ነው።

ሦስተኛ፤ ምስጢራቸውን ተዉላቸው። ባል ከደጋፊው ጋራ ለሰዓት ሲነጋገር ሚስት ምን አለህ ብላ ልትመረምር ትፈልግ ይሆናል። ስለ ቤቱ ምስጢር ለሌላ ሰው መነገሩም ቅር ሊላት ይችላል። ነገር ግን ምስጢር የማይጠበቅበት ደጋፊ ከሜዳ ላይ ከሚናገር ሰው አይለይምና ዝምታን መቻል ነው።

አራተኛ፤ ቢወድቅ ደጋፊውን አትክሰሱ፤ እርሱንም አትጣሉት። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ በሰካራምም ላይ ምሳር የማያነሣ የለም። ዶክተር ስሚዝ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ሌሊት በኋላ መውደቁን አስቡ። ዊልሰን በዚያን ቀን ተስፋ ቈርጦ ወደ አገሩ ቢመለስ ኖሮ ከዚያ በኋላ የዳኑት ሰዎች ሁሉ በቀሩ ነበረ። ታግሦ መቆየት ማለት ግን ስካሩን መሸፈን ማለት አይደለም። ዕዳውን ራሱ ይክፈል፤ ለቀረበት ሥራ ምክንያቱን ራሱ ይናገር።

አምስተኛ፤ በግብዣ ጊዜ የተወውን ሰው አታስገድዱ። በአገራችን እንግዳን «በሞቴ» እያሉ ማጠጣት የፍቅር ምልክት ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው እንደ ጠላት ጦር ነው። አልጠጣም ያለውን ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ውሃ ወይም ብርዝ ወይም ቡና ማቅረብ የጨዋ ሰው ደንብ ቢሆን እንዴት ባማረ። እንደዚህ የሚያደርግ ባለ ቤት ሳያውቀው የአንድ ሰው ደጋፊ ሆኖአል።

የማኅበርና የዕድርን ኀይል እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በለቅሶ ጊዜ ብቻውን የሚያለቅስ የለም፤ በድግስ ጊዜም ብቻውን የሚደግስ የለም። በዚህ ሕመም ላይ ግን ሁሉ ብቻውን ይተኛል፤ ምክንያቱም እንደ ነውር እንጂ እንደ ሕመም አልቈጠርነውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ቃል ለታመመው ብቻ የተነገረ ይመስለናል። ለዳነውም ይነገራል። በመካከላችን በወጣትነቱ ወይም በጕልምስናው መጠጥ አሸንፎት የነበረ፥ ኋላም በብዙ መከራ የተወ፥ ዛሬ በሹመት ወይም በንግድ ወይም በቤተ ክህነት የተከበረ ብዙ ሰው አለ። ይህ ሰው የቀድሞውን ኑሮውን ልጆቹ እንኳ እንዳይሰሙት ይደብቃል፤ መደበቁም አያስወቅሰውም። በአደባባይ ይናገረው ብሎ የሚያስገድደው የለም፤ የዚያ ማኅበር ሰዎችም ስማቸውን ለጋዜጣ አይሰጡም።

ነገር ግን ከመንደሩ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው በዚያው ጕድጓድ ውስጥ ሲሰምጥ ባየ ጊዜ፥ የደበቀው ነገር ለዚያ ሰው ከማንኛውም መድኃኒት ቤት የማይገኝ መድኃኒት መሆኑን ያስብ። ማኅበር እስኪቆም፥ አዳራሽ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በአክሮን የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በሩን ዘግቶ፥ ወንበር ስቦ፥ ምክሩን ትቶ የራሱን ታሪክ ከመጀመሪያው ይጀምርለት።